ደሙ ንጹህ ነው ከተባለ ኪኒኑ ለምን ሁለት ዓመት? የደም ካንሰር የታመመ ልጅ ያላችሁ ወላጆች እባካችሁ

የሽምብጥ እናት፣ ጥቅምት 6

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባህር ዳር ነው። የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ሐምሌ ላይ የደም ካንሰር ነው ተባልኩ። ዶክተሩ ስሙን ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

ነገሩ የጀመረው በትኩሳት ነው። እኛ ጋ ትኩሳት ሲባል ወባ ነው። ወባ የለበትም ሲባል ደግሞ ታይፎይድ ነው። የሁለቱንም መድኃኒት ወሰደ። ትንሽ ይሻለውና መልሶ ይጥለዋል። ከዚያ "እማ፣ እግሬን" እያለ ማነከስ ጀመረ። ኳስ ሲጫወት የተመታ መሰለን። አንድ ማታ ሳጥበው እግሩና ሆዱ ላይ ቀይ ጤፍ የተበተነ የሚመስል ደቃቅ ነጠብጣብ አየሁ። በጣቴ ስጫነው አይጠፋም። በነጋታው የደም ምርመራ ተደረገለት። ነጭ የደም ሴሉ 38 ሺህ ነበር። በሳምንቱ አዲስ አበባ ነበርን።

ወር ሙሉ ተኛን። ፀጉሩ ረገፈ፣ ፊቱ አበጠ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ፍርፍር አምጪ ይለኝ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ከአጥንቱ መቅኔ ወስደው አዩና "ካንሰሩ አይታይም" አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ እልል አልኩ።

ግን ሕክምናው ገና 2 ዓመት ከምናምን ይቀጥላል አሉ። አማቴ "ልጁ ድኗል፣ ለምን መርዝ ታበሉታላችሁ?" ትለኛለች። ባለቤቴ ዝም ይላል፤ ግን እሱም እንደሷ እንደሚያስብ አውቃለሁ። እውነት ለመናገር እኔም ራሴ ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በሽታው የሚመለሰው በምንድን ነው? አንዱ ልጅ ድኖ ሌላው የሚያገረሽበት ለምንድን ነው? የኛ ጥፋት የሚሆንበት ነገር አለ?

የአራተኛ ክፍሏ እናት፣ ጥቅምት 6

አይዞሽ እህቴ። እኔም እዚሁ ባህር ዳር ነኝ። የኔ ልጅ ሕክምናዋን ጨርሳ ዘንድሮ 4ኛ ክፍል ገብታለች። ነገ በደንብ እጽፍልሻለሁ፣ አሁን የምሽት ሥራ ላይ ነኝ።

ሲስተር ከባህር ዳር፣ ጥቅምት 7

የሽምብጥ እናት፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ነርስ ነኝ፣ የካንሰር ሕፃናት ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ጥያቄሽን አማትሽም ባለቤትሽም እንዲያነቡት አድርጌ ልመልስልሽ።

ልጅሽ በሽታው ሲታወቅ ሰውነቱ ውስጥ የነበረው የካንሰር ሴል ወደ አንድ ትሪሊዮን ገደማ ነው። የመጀመሪያው ወር ሕክምና ይህን ክምር ይንደዋል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከመቅኔው ሴሎች ውስጥ የካንሰሩ ሴል ከ5 በመቶ በታች ከሆነ "አይታይም" ይባላል። ልብ በይ፣ "የለም" አላሉሽም። ዓይን የማያያቸው ብዙ ሚሊዮን፣ አንዳንዴም ቢሊዮን ሴሎች ተደብቀው ሊቀሩ ይችላሉ። ማሳ ታርሞ ንጹህ ሲመስል ሥሩ አፈር ውስጥ እንደሚቀረው አረም አስቢው። ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል።

ለዚህ ነው ሕክምናው በደረጃ የሚሄደው። መጀመሪያ ክምሩን ማፍረስ፤ ወደ አንድ ወር ነው። ቀጥሎ የቀረውን በጠንካራ ኬሞ፣ ማለትም በካንሰር መድኃኒት፣ ማሳደድ፤ ይሄ ወራት ይወስዳል። የመጨረሻው ረጅሙ ነው። በየቀኑ መርካፕቶፑሪን የሚባል ኪኒን፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሜቶትሬክሴት የሚባል ሌላ ኪኒን። የካንሰሩ ሴል ከእንቅልፉ ነቅቶ ሊከፈል ሲል መድኃኒቱ ደም ውስጥ ቆሞ መጠበቅ አለበት። የሚነቃበትን ቀን ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ በየቀኑ።

በጀርባ አጥንቱ መካከል የሚወጋውን መርፌም አትፍሩት። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት አብዛኛው ወደ አንጎል በደንብ አይገባም። ካንሰሩ እዚያ መሸሸጊያ ያገኛል። በጀርባ የሚሰጠው ኬሞ እዚያ ድረስ ሄዶ እንዲያገኘው ነው። በወንዶች ልጆች የዘር ፍሬም እንደዚሁ መሸሸጊያ ነው። ስታጥቢው እንደ ዘበት እይው። ሳያመው ካበጠ ሳትውይ ሳታድሪ ለሐኪም ንገሪ።

ላብራቶሪው፣ ጥቅምት 7

ሲስተር በደንብ ብላዋለች። እኔ "አንዱ ድኖ ሌላው ለምን?" ያልሽውን ልሞክር።

በእጃችን የሌሉ ነገሮች አሉ። ዕድሜ አንዱ ነው። ከ1 ዓመት በላይና ከ10 በታች ያሉ ልጆች የተሻለ ተስፋ አላቸው። ዓመት ያልሞላቸውና 10 የደፈኑት ይከብዳቸዋል። ሁለተኛው መጀመሪያ ቀን የነበረው ነጭ የደም ሴል ነው። መስመሩ 50 ሺህ ነው፤ ከሱ በታች ይሻላል። ያንቺ ልጅ በሁለቱም ከመስመሩ በመልካሙ ወገን ነው ያለው። ደግሞ ካንሰሩ የተነሳበት የነጭ የደም ሴል ዓይነት አለ፦ ቢ ወይም ቲ። አብዛኛው ልጅ ቢ ነው። ከዚያ ሴሉ ውስጥ ያለው የክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረ መል የተሸከመው ክር፣ ለውጥ አለ። ፊላደልፊያ የሚባለው ለውጥ ያለበት ልጅ ተጨማሪ የተለየ መድኃኒት ይፈልጋል። ተቃራኒውም አለ፤ ክሮሞዞማቸው ከልክ በላይ የበዛ የካንሰር ሴሎች ለመድኃኒት ቶሎ እጅ ይሰጣሉ።

ከሁሉም በላይ ግን የሚናገረው ልጁ ለመጀመሪያው ሕክምና የሰጠው መልስ ነው። ስቴሮይድ (እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት) ከጀመረ በ8ኛው ቀን ደሙ ውስጥ የሚቆጠረው የካንሰር ሴል ከ1,000 በታች ከወረደ ጥሩ ምልክት ነው። አቅሙ ባለበት ቦታ በወሩ መጨረሻ ከ10 ሺህ ሴል ውስጥ አንዷን የካንሰር ሴል የሚያገኝ ምርመራ ይሠራል። እሱ በሌለበት ሐኪሙ በዕድሜው፣ በነጭ የደም ሴሉ፣ በ8ኛው ቀን ደምና በመቅኔው ይመዝናል። ዋጋ የለውም እንዳትሉ፤ በነዚህ ብቻ ብዙ ልጅ በትክክል ተመድቦ ታክሟል።

አንድ ነገር ደግሞ ውስጤን ስለሚያቃጥለኝ ልጻፈው። ትኩሳቱ አልለቅ ያለ ልጅ ወደ አንድ ክሊኒክ ይሄዳል። ዴክሳሜታሶን ይወጋል፣ ወይም ፕሬድኒሶሎን ይሰጠዋል። ልጁ በሁለት ቀን ይነሳል። ቤተሰብ ይመርቃል። ስቴሮይድ ግን ራሱ የሉኪሚያ መድኃኒት ነው። በሽታውን ለጥቂት ሳምንት ይሸፍነዋል። እኔ ጋ ሲመጣ ደሙ ግራ ያጋባል፣ የመጀመሪያው ነጭ የደም ሴል ስንት እንደነበረ አይታወቅም። ሐኪሙም ልጁን የት እንደሚመድበው ይቸገራል። እባካችሁ፣ የገረጣ፣ የሚያነክስ፣ የሚደማ ልጅ ስቴሮይድ ከመወጋቱ በፊት ሙሉ የደም ቆጠራ ይሠራለት፣ ደሙም በማይክሮስኮፕ ይታይ። ቀድሞ ወስዶ ከሆነ ደግሞ ለካንሰር ሐኪሙ አትደብቁ። ስሙንና ቀኑን ንገሩት።

የሽምብጥ እናት፣ ጥቅምት 7

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። "አይታይም" እና "የለም" ይለያያሉ ያልሽውን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ሁለቴ አስደገመኝ።

የመራዊ አባት፣ ጥቅምት 9

ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን አሰብኩ። እህቴ፣ ለአንቺ ብዬ ልጻፈው።

የኔ ልጅ 8 ዓመቷ ነበር። ከባዱን ኬሞ ጨረሰች። የኪኒኑ ጊዜ መጣ። ፀጉሯ በቀለ፣ ጉንጯ ሞላ፣ ከእኩዮቿ ጋር ገመድ ትዘላለች። ያያት ሁሉ "ድናለች" ይላል። እኔም ድናለች አልኩ። የተሳሳትኩት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ኪኒኑ ጠፋ። ያገኘሁት ፋርማሲ "በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል" አለኝ። ሳምንቱን ዘለልነው። ምንም አልሆነችም። ምንም ስላልሆነች ሌላም ጊዜ ዘለልን። ከዚያ የጤፍ አጨዳ ደረሰ። ቀጠሮዋ አዲስ አበባ ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። ለሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፤ ሰብሉ ደግሞ ማሳ ላይ። መንገዱም ይዘጋል ይባል ነበር። አጭጄ ከወቃሁ በኋላ እወስዳታለሁ አልኩ። ሁለት ወር ሆነ።

በሚያዝያ ራስ ምታት ጀመራት። ጠዋት ጠዋት ታስመልሳለች። ጨጓራ ነው ብለን ተልባ አጠጣናት። አንድ ቀን "አባዬ፣ ሁለት ሁለት ሆነህ ትታየኛለህ" አለችኝ። በሽታው ጭንቅላቷ ውስጥም መቅኔዋ ውስጥም ተመልሶ ነበር። ዶክተሩ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ አሁን የለችም። እናትዬ፣ አትዝለይ። ልጁ ሲሮጥ እያየሽ፣ ሲስቅ እያየሽ፣ አትዝለይ።

የአራተኛ ክፍሏ እናት፣ ጥቅምት 9

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ነፍሷን በገነት ያኑርልን። እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት።

ሲስተር ከባህር ዳር፣ ጥቅምት 9

የመራዊ አባት፣ እንዳንተ ያሉ አባቶችን አውቃለሁ። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማጽናናት ብዬ የፈጠርኩት አይደለም። መድኃኒቱ ሁሉ በእጃቸው ባለባቸው ሀብታም አገሮች እንኳ ከ10 ልጆች አንዱ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ያገረሽበታል። ሴሉ ራሱ መድኃኒቱን የሚለምድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የልጅህን ሞት ሙሉ በሙሉ በራስህ ላይ አትጫን። ማንም እንዲህ ነው ብሎ ሊፈርድብህ አይችልም።

የሽምብጥ እናት "የኛ ጥፋት የሚሆንበት አለ?" ብለሽ ነበር። ጥፋት የሚለውን ቃል አልወደውም። ኪኒኑ ከከተማው ሲጠፋ፣ ቀጠሮው ሁለት ቀን መንገድ ሲርቅ፣ የአባትየው ጥፋት ነው ማለት አልችልም። ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ። በእጃችን ካለው ትልቁ ደግሞ እሱ የነገረን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከሚይዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች። ለዚህኛው የደም ካንሰርማ እነሱ ጋ 90 በመቶ ገደማ ደርሷል። የኛ ልጆች ሴል ከነሱ የተለየ ክፉ ሆኖ አይደለም። እኛ ጋ ልጁ ዘግይቶ ይመጣል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኢንፌክሽን ወይም በመድማት ይሞታል፣ ወይም ሕክምናውን ያቋርጣል። ማቋረጥ የሚባለው 4 ሳምንት በተከታታይ መቅረት ነው። አንድ ወር! አንድ የአጨዳ ሰሞን ማለት ነው።

የፋርማሲ ሰው፣ ጥቅምት 11

ስለ ኪኒኑ እኔ ልጨምር።

አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ለልጆቹ መርካፕቶፑሪኑን የሰጡት ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን በሚመዘግብ ጠርሙስ ነበር። ከታዘዘላቸው ከ95 በመቶ በታች የወሰዱት ልጆች የማገርሸት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። 95 በመቶ ብዙ ይመስላል። አስሉት። ከ30 ቀን ሁለቱን ከዘለላችሁ ከመስመሩ ወርዳችኋል። ብዙዎቹ የዘለሉት ደግሞ መድኃኒት አጥተው አይደለም፤ ረስተው ነው።

ስለዚህ መርሻ አታብጁለት። ኪኒኑን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት። አንዲት ደንበኛዬ ከማታ ዜና ጋር አስራዋለች። ድሮ "ማታ ብቻ፣ ወተት ሳይነካ" ይባል ነበር። በኋላ ሲጠና እነዚህ ነገሮች ከማገርሸት ጋር አልተያያዙም። ዋናው በየቀኑ መዋጡ ነው።

ሜቶትሬክሴት ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ! ይህን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በስህተት በየቀኑ የተሰጠው ልጅ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሁለቱን ኪኒኖች በተለያየ ዕቃ አስቀምጡ። ቀኑን ምረጡና አትቀይሩት። ዓርብ ካላችሁ ሁልጊዜ ዓርብ።

ግማሽ ኪኒን ከታዘዘ በሽንኩርት ቢላዋ አትቁረጡት። ለሱ ብቻ የሚሆን ምላጭ ወይም መቁረጫ ይኑር፣ ጓንት ይደረግ፤ እርጉዝ ሴት አትንካው። ልጁ ከዋጠ በኋላ ካስመለሰው በራሳችሁ አትድገሙለት፣ ደውላችሁ ጠይቁ። አንድ ቀን ከረሳችሁም በማግስቱ ሁለት አትስጡ።

ሲያልቅ አትፈልጉ። 2 ሳምንት ሲቀረው ፈልጉ። እኔ ጋ ባይኖር የት እንዳለ ደውዬ አጠይቃለሁ፤ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ሌላም አለ። ግን ማታ መጥታችሁ "ዛሬ አልቋል" ስትሉኝ እጄ ይታሰራል።

አንድ ነገር ደግሞ። ዶክተሩ የደም ውጤት አይቶ ኪኒኑን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ነጭ የደም ሴሉ ትንሽ ዝቅ ማለቱ የሚፈለግ ነው። መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል። "ደሙ ወርዷልና ልጄን ሊገሉብኝ ነው" ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ።

ቀበሌ 14፣ ጥቅምት 12

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ስለ ፀበል ለምን ማንም አያነሳም? የእህቴን ልጅ ዶክተሮች ተስፋ የለውም ብለውት ፀበል ቦታ ከርሞ ድኗል። ሁሉ ነገር በኪኒን ብቻ አይደለም። እምነት ያላት እናት ልጇን ይዛ ብትሄድ ምን ክፋት አለው?

ዲያቆን ከዘጌ፣ ጥቅምት 12

ወንድሜ፣ ጥሩ አነሳህ። እኔም በዚህ ልቤ ይነካል፤ ምክንያቱም በጀልባ ተሻግረው ልጅ ታቅፈው የሚመጡ እናቶችን አያለሁ።

እምነት ክፋት የለውም። ፀበልም ክፋት የለውም። እኛን ያስተማሩን አባቶች መድኃኒቱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላሉ። ጥበቡን ለሐኪሙ የሰጠው እሱ ነው። ችግሩ "ሁለት ሱባኤ እዚህ ትከርማላችሁ፣ ኪኒኑን ጣሉት" የሚል ሰው ሲመጣ ነው። ይህን የሚል ሰው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነስቶ አይደለም። እኔ እናቶቹን "ኪኒኑ ቦርሳሽ ውስጥ አለ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ካለ "አውጪና ለልጁ ስጪው" እላለሁ፤ ተጠምቆም ቢሆን ይውጣል።

ጾምም እንደዚሁ ነው። የታመመ ሰው አይገደድም፤ ያውም ሕፃን። 7 ዓመት ሞልቶታል ብላችሁ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ እስከ 9 ሰዓት አታስርቡት። ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ ከኔ የተለየ አይነግሯችሁም።

ሲስተር ከባህር ዳር፣ ጥቅምት 12

ዲያቆን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። አንድ ብቻ ልጨምር። ነጭ የደም ሴሉ በጣም የወረደ ልጅ ያልፈላ ውኃ መጠጣት አይችልም፤ ከየትም ይምጣ። በዚያ ሰሞን ዶክተሩ እስኪፈቅድ ይቆይ። እግዚአብሔር የልጁን ሁኔታ ያያል።

ቀበሌ 14፣ የእህትህ ልጅ በመዳኑ ደስ ብሎኛል። ግን እባክህ፣ ክትትሉን አያቋርጥ። ማገርሸት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሕክምናው መካከል ወይም ኪኒኑ ከቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ነው። ቶሎ ከተመለሰ ይከብዳል። ዘግይቶ ከተመለሰ፣ በተለይ ሕክምናው ካለቀ ከ6 ወር በኋላ ከሆነ፣ እንደገና የመዳን ዕድሉ ይሻላል። ግን በጊዜ መታወቅ አለበት።

ቀበሌ 14፣ ጥቅምት 12

እሺ ሲስተር። ለእህቴ እነግራታለሁ። የመጨረሻው ቀጠሮው መቼ እንደነበር እኔም አላውቅም።

የደቅ ልጅ፣ ጥቅምት 14

የአጎቴ ልጅም ይኸው በሽታ ነው ያለባት፣ 4 ዓመቷ ነው። የሚኖሩት ደቅ ደሴት ነው። ትኩሳት ሲመጣ ምን ይሁን? ጀልባ በየቀኑ የለም። ማዕበል ካለ ደግሞ ማንም አይንቀሳቀስም።

የአራተኛ ክፍሏ እናት፣ ጥቅምት 14

ቃል ገብቼ ዘገየሁ። ለሁለታችሁም ልጻፍ።

የደቅ ልጅ፣ አጎትህን ዛሬውኑ አናግረው። ከባዱ ኬሞ እስኪያልቅ እናትና ልጅ ባህር ዳር ይቀመጡ። ዘመድ ጋ፣ ኪራይ ቤት፣ የትም። ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ልጅ ትኩሳት ቀን አይሰጥም። ጠዋት ሲጫወት የነበረ ልጅ ማታ ራሱን ሊስት ይችላል። ብዙ ልጆች ካንሰሩ ሳይሆን ኢንፌክሽኑ ነው የሚወስዳቸው።

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። በር ላይ አንዲት ቦርሳ ተንጠልጥላ ትኖር ነበር። ውስጧ ካርዷ፣ የመጨረሻው የደም ውጤት፣ ነጠላ፣ ትንሽ ብርና የስልክ ቻርጀር። ቴርሞሜትሩ ትራሴ ሥር። 38 ዲግሪ ሲያልፍ ፓራሲታሞል ሰጥቼ ጠዋትን አልጠብቅም። ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያክመውም። ጎረቤታችን የባጃጅ ሹፌር ነው። ሌሊት 8 ሰዓት በሩን አንኳኩቼበት አውቃለሁ። በካልሲ ወጥቶ ነው ያደረሰን። ሆስፒታል ስደርስ ተራ አልይዝም፤ "ኬሞ ላይ ያለች ልጅ ናት፣ ትኩሳት አላት" ብዬ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። አትፈሩ። አንቲባዮቲኩ በቶሎ፣ ከተቻለ በሰዓቱ ውስጥ መጀመር አለበት። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትስጡ፣ ያደማል።

ምግብ ላይ ብዙ ሰው ብዙ ይነግራችኋል። ዋናው ልጁ እንዳይከሳ ነው። የከሳ ልጅ ኬሞውን መቋቋም ያቅተዋል፣ መድኃኒቱም ይቀነስበታል። የኔ ልጅ አፏ ሲቆስል አጥሚት በቅቤ፣ የተፈጨ ቅንጬ፣ የተቀቀለ እንቁላል እሰጣት ነበር። ቀረሶ ዓሣ ትወዳለች፤ በደንብ ጠብሼ፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅሜ። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ከውጭ የተገዛ ሰላጣ ቤታችን አልገባም። ፍራፍሬው የሚላጥ ይሁን፦ ሙዝ፣ ማንጎ።

ሌላ ማንም የማይነግራችሁ ነገር። የፖሊዮ ጠብታ ዘመቻ ቤት ለቤት ሲመጣ በር ላይ "ይህች ልጅ ኬሞ ላይ ናት" በሉ። ጠብታው ሕይወት ያለው ክትባት ነው፣ የኩፍኙም እንደዚሁ። ሐኪሟ ሳይፈቅድ አይሰጣትም። ስለ ወንድም እህቶቿም ጠይቁ። ሰፈር ውስጥ ኩፍኝ ከገባም ወዲያው ደውሉ።

አዲስ አበባ ማረፊያ ላጡ ደግሞ፦ ተስፋ አዲስ የሚባል የካንሰር ሕፃናት ወላጆች ድርጅት አለ። ወላጆች ራሳቸው ያቋቋሙት ነው። ለሚመላለሱ ቤተሰቦች ማደሪያ ይሰጣል። ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲም አለ። ስሙ በሉኪሚያ ያረፈ የአንድ ሕፃን ስም ነው፤ ወላጆቹ ናቸው የመሠረቱት። የክፍሉን ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር "ወዴት ልሂድ?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ለሦስት ወር አፍሬ ሳልጠይቅ ያለኝን ብር ሁሉ አልጋ ላይ ጨረስኩ።

የመራዊ አባት፣ ጥቅምት 15

ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር። አሁን ለሌላው እናገራለሁ። ከመራዊ፣ ከዱርቤቴ፣ ከዳንግላ የሚመጣ ሰው ካለ ባህር ዳር ላይ የሚያርፍበት ቤት አለኝ። አንድ ክፍል ናት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ላብራቶሪው፣ ጥቅምት 15

በአባቶቻችን ዘመን ይህ በሽታ በጥቂት ወራት የሚገድል ነበር። በፈረንጆቹ 1948 ፋርበር የሚባል የቦስተን ሐኪም በመድኃኒት ለአጭር ጊዜ እንዲጠፋ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ለአጭር ጊዜ ብቻ፤ ልጆቹ ሁሉ አገረሸባቸው። ሙሉ ፈውስ የመጣው በኋላ ነው፤ ብዙ መድኃኒት አንድ ላይ ሲሰጥ፣ አንጎል ውስጥ ያለው መሸሸጊያ ሲዘጋ፣ ሕክምናው ዓመታት ሲረዝም። የሽምብጥ እናት፣ ያ 2 ዓመት ከየትም አልመጣም። ቶሎ የቆመላቸው ልጆች እየተመለሰባቸው ነው የተማሩት።

የሽምብጥ እናት፣ ሚያዝያ 20

ጠፋሁባችሁ። ከባዱ ኬሞ አለቀ። ሁለት ጊዜ በትኩሳት ተኛን፤ አንዱ ጥር ላይ ነበር፣ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ቦርሳዋ በር ላይ ነበረች። የደረስነው በጊዜው ነው።

ኪኒኑን ከጀመርን 5 ሳምንት ሆነን። የመራዊ አባት፣ የጻፍከውን አትሜ አማቴ ጋ ሄድኩ። ማንበብ ስለማትችል ልጇ አነበበላት። ስትጨርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ልክ 2 ሰዓት ሲሆን የምትደውለው እሷ ናት። "ዋጠ?" ትላለች፤ ሰላምታ እንኳ የለም። ግድግዳው ላይ የዓመቱ የቀን መቁጠሪያ አለ። ልጄ ራሱ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል። ዓርብ ዓርብ ሁለት ምልክት፣ ሜቶትሬክሴት ስላለ። እስካሁን ባዶ ሳጥን የለም።

ትናንት ጣና ዳር ወስጄው ነበር። ታንኳ ሲያይ ልግባ አለ። አልፈቀድኩለትም፣ አኮረፈኝ። ያኮረፈ ፊቱን ሳይ ሐምሌ ትዝ አለኝና ወደ ውኃው ዞሬ አለቀስኩ።

ከፋሲሎ፣ ሚያዝያ 21

እህቶች፣ ይህን ሁሉ ዛሬ አነበብኩ። የ3 ዓመት ሴት ልጄ ትናንት ሉኪሚያ ነው ተባለ። ምን ላድርግ? ባለቤቴ ከከተማ ውጭ ነው። ብቻዬን ነኝ።

የሽምብጥ እናት፣ ሚያዝያ 21

እህቴ፣ አይዞሽ። ነጭ የደም ሴሏ ስንት ነው አሉሽ? ስቴሮይድ ተወግታለች? የደም ውጤቱን ፎቶ አንሺና ያዢው፣ ወረቀቱ እንዳይጠፋብሽ። የት ሆስፒታል ናችሁ? የአልጋ ቁጥሯን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የአራተኛ ክፍሏ እናት ልትመጣ መንገድ ላይ ናት። እኔ የልጄን ኪኒን ሰጥቼ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እደርሳለሁ።